ስለ ክፍት የኢንተርኔት ትምህርትና ስለ መካነ ሰላም ተማሪ
(በሬዲዮ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ቀድሞ በአገራችን ትምህርት የሚፈልግ ልጅ መምህሩ ወዳለበት ስፍራ በእግሩ ይሄድ ነበር። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ወንዝ ተሻግሮና ገደል ወጥቶ ቅኔ ከሚነገርበት ደብር ይደርስ ነበር። የወሎው ደረሳም እንደዚሁ ስንቁን ይዞ፥ ኪታብ የሚያስቀሩ ሼኽ ወዳሉበት መንደር ይጓዝ ነበር። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት የኖሩት ታላቁ ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ፥ ስማቸው የሚጠራው በዛሬው ደቡብ ወሎ፥ በቦረና ምድር በሚገኘው በጋሥጫ ገዳም ነው። ትምህርታቸውን የተማሩት ግን ከዚያ ርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ነበር። ትምህርቱ ለብዙ ጊዜ አልገባ ብሏቸው፥ እህል እየፈጩ ማኅበሩን ያገለግሉ እንደ ነበረ ይነገራል። ኋላ መጽሐፈ ምስጢርንና ሰዓታትን የደረሱት እኚሁ ሰው ናቸው።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በዚያው በቦረና ደጋ፥ በመካነ ሰላም ከተማ፥ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ ይገኛል፤ ሌላው ግቢው በቱሉ አውልያ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከአራተኛው ትውልድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ስለ ሆነ ገና ወጣት ነው። ነገር ግን በዚህ ግቢ የሚማር ወጣት፥ አንድ ተንቀሳቃሽ ስልክ በእጁ ቢኖርና መስመሩ ቢሠራለት፥ በሌላው የዓለም ዳርቻ የሚያስተምሩትን ሊቅ ትምህርት ከመኝታ ክፍሉ ሳይወጣ ለመስማት ይችላል። የጥንቱ ተማሪ ወደ መምህሩ ሲሄድ፥ ዛሬ ትምህርቱ ራሱ ወደ ተማሪው ይመጣል ማለት ነው።

ለመሆኑ ይህ ነገር ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል? በዚያ ደጋ ላለው ተማሪ በእርግጥ ይደርሰዋልን? በዛሬው ንግግራችን ይህን ለመግለጽ እንሞክራለን። ጉዳዩ የተማሪዎች ብቻ ሳይሆን የእናንተም ነው። ከእናንተ ውስጥ ልጁን ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ የላከ አለ፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ራሱ የሚማር አለ፤ በጀት የሚያዘጋጅና ዕቃ የሚገዛ ባለሥልጣንም አለ።

በመጀመሪያ «ክፍት» የሚለውን ቃል እንመልከት። ትምህርት ክፍት ነው ሲባል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው፥ በሩ ለማንም ያልተዘጋ፥ የመግቢያ ፈተናና ክፍያ የማይጠየቅበት ማለት ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል፤ ይኸውም የትምህርቱ ባለቤት ጽሑፉን ማንም ሰው እንዲገለብጠው፥ እንዲያባዛው፥ እንዲያርመውና ወደ ሌላ ቋንቋ እንዲተረጕመው በጽሑፍ ፈቃድ ሰጥቷል ማለት ነው። በነጻ የሚታይ ነገር ሁሉ በዚህ በሁለተኛው ትርጕም ክፍት አይደለም። ጎረቤት ከጉድጓዱ ውሃ እንድትቀዱ ቢፈቅድላችሁና ጉድጓዱን ራሱን ቢያካፍላችሁ ልዩነቱ ትልቅ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ይህም እንደዚያው ነው።

ሐሳቡ በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም። በብሪታንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 የተቋቋመው ክፍት ዩኒቨርሲቲ፥ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ተቀብሎ በፖስታ፥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተማር ጀመረ። በ2001 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የትምህርቶቹን ጽሑፍ ሁሉ በኢንተርኔት ላይ በነጻ እንደሚያወጣ አስታወቀ፤ ዛሬ በዚያ ከ2,500 የሚበልጡ ትምህርቶች ይገኛሉ። በ2011 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሰጠ አንድ ትምህርት ወደ 160,000 የሚጠጉ ሰዎች ተመዘገቡበት። በማግሥቱ ዓመት ኮርሴራና ኢድኤክስ የሚባሉት ትላልቅ የትምህርት ድርጅቶች ሥራ ጀመሩ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮም፥ መንግሥታት ሁሉ ክፍት የትምህርት ጽሑፎችን እንዲያስፋፉ የሚመክር ውሳኔ በ2019 አጸደቀ።

አገራችንም ከዚህ ጉዞ ውጭ አልነበረችም። በ1997 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዓለም ባንክ አነሣሽነት የተጀመረው የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ፥ ትምህርት በሳተላይት ሲያሠራጭ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተካፋይ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» እየተባለ የሚጠራው የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። በቅርቡም የትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፥ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ሻያሾን ከሚባለው የአገር ውስጥ ድርጅት ጋር ሆኖ፥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን በኢንተርኔት ማስተማርን እንዲለምዱና የጋራ ትምህርቶችን እንዲያዘጋጁ የሚያግዝ ሥራ ጀምሯል። ከዚህም በቀር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት የዐረብ ኤሚሬቶች ጋር በመተባበር፥ በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጽሕፈትና የዳታ ሳይንስን የመሳሰሉ ሙያዎችን በነጻ ለማስተማር የታቀደ ዘመቻ ተከፍቷል።

እንግዲህ ትምህርቱ አለ ማለት ነው። መካነ ሰላም እንዴት ይደርሳል የሚለውን ደግሞ እንመልከት።

እኛ በሬዲዮ የምንናገር ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን። የሬዲዮ ድምፅ ከማሠራጫው አንድ ጊዜ ይወጣል፤ አንድ ሰው ቢሰማው፥ መቶ ሺህ ሰው ቢሰማውም ወጪው ያው ነው፤ ሰሚው በበዛ ቍጥር መስመሩ አይጠብም። ኢንተርኔት ግን እንደዚህ አይደለም። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ትምህርቱ ለብቻው እየተገለበጠ ይላካል። የመረጃ መስፈሪያው ሜጋባይት ይባላል። እህል በቁና እንደሚሰፈር መረጃም በሜጋባይት ይሰፈራል፤ አንድ ሺህ ሜጋባይት ደግሞ አንድ ጊጋባይት ይሆናል። የአንድ ሰዓት ትምህርት በመካከለኛ ጥራት በቪዲዮ ሲቀርብ 450 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል። ይኸው ትምህርት በድምፅ ብቻ ቢሆን 30 ሜጋባይት ያህል ይበቃዋል። በጽሑፍ ቢሆንማ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው።

አሁን በአንድ ግቢ 500 ተማሪዎች ያንኑ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ለማየት ቢፈልጉ ምን ይሆናል? አምስት መቶ ጊዜ 450 ሜጋባይት፥ ማለት 225 ጊጋባይት፥ በአንዱ መስመር ማለፍ አለበት። የኢትዮጵያ ኢንተርኔት ወደብ የለውም፤ ከውቅያኖስ በታች ከተዘረጉት ገመዶች ጋር የሚገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው። ከዚያ ተነሥቶ ተራራውን ሁሉ አልፎ፥ በአንድ በኩል የዐባይ ሸለቆ፥ በሌላው በኩል የበሽሎ ገደል ወደሚያዋስኑት ደጋ እስኪደርስ ድረስ መንገዱ ረጅም ነው። በአንድ ጠባብ በር አምስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ለመውጣት ቢጋፋ ማንም እንደማይወጣ ሁሉ፥ በዚያ መስመርም ቪዲዮው እየቆመ እየተነሣ ተማሪውን ያሰለቻል።

መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ያንን ትምህርት በሌሊት፥ መስመሩ ባዶ በሆነበት ሰዓት፥ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያወርደውና በግቢው ውስጥ በሚገኝ ሰርቨር፥ ማለት ብዙ ማስቀመጥ በሚችል ኮምፒዩተር ላይ ቢያኖረው፥ ከዚያ በኋላ ተማሪዎች ሁሉ በግቢው ገመድ አልባ መረብ ሊያዩት ይችላሉ። ለውጭው መስመር የሚከፈለው 450 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። ተማሪውም ከኪሱ የዳታ ገንዘብ አያወጣም። እዚህ ላይ ነው «ክፍት» የሚለው ቃል ጥቅሙ የሚታየው። ትምህርቱ ክፍት ፈቃድ ከሌለው እንዲህ አድርጎ መገልበጥና ማስቀመጥ ሕግን መተላለፍ ይሆናል፤ ፈቃድ ካለው ግን ማንንም ማስለመን አያሻም። ኪዊክስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ውክፔዲያ የሚባለውን የዓለም መዝገበ ዕውቀት ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከነሥዕሉ ከመቶ ጊጋባይት ብዙ አይበልጥም፤ ይህም በአውራ ጣት ጥፍር በሚያክል ማስቀመጫ ላይ ይሰፍራል።

የግቢው ቅጂ ዋጋ በሰላም ጊዜ ብቻ የሚታይ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ተሐዋሲ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪዎች ወደየቤታቸው በተመለሱ ጊዜ፥ የከተማው ተማሪ ትምህርቱን በስልኩ ሲከታተል መስመር ያልደረሰበት የገጠር ተማሪ ባዶ እጁን ቀርቷል። ከሐምሌ ማለቂያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዐማራ ክልል በተነሣው ግጭት የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በክልሉ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ትምህርቱ ሁሉ በሩቅ አገር ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የሚኖር ከሆነ፥ መስመሩ በተቋረጠበት ቀን ቤተ መጻሕፍቱ ተቈለፈ ማለት ነው።

ይህ ደግሞ በድኻ አገር ብቻ የሚደርስ አይምሰላችሁ። የዩኒቨርሲቲው ስም የተወሰደባትን መቅደላን እናስታውስ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ፥ በአምባዋ ላይ የተሰበሰቡት የብራና መጻሕፍት በእንግሊዝ ጦር ተዘርፈው ተወሰዱ፤ ከእነዚያም ወደ 350 የሚሆኑት ለብሪታንያ ሙዚየም ደረሱ። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኙት እነዚህ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ በኋላ ከብራናዎቹ ብዙዎቹን በዲጂታል ፎቶግራፍ አንሥቶ በኢንተርኔት ላይ ስላወጣቸው፥ የመካነ ሰላም ተማሪ ከአገሩ የተወሰደውን ብራና ቢያንስ በምስል ለማየት ዕድል አገኘ። ነገር ግን በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወንበዴዎች በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተሮች ላይ ጥቃት ስለ ፈጸሙ አገልግሎቱ ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ብራናው በለንደን፥ ምስሉም በለንደን ስለ ነበረ፥ የብራናው ባለቤት አገር ሁለቱንም አጣች። በብድር የተገኘ ብርሃን ባለቤቱ ሲያጠፋው ይጠፋል፤ ስለዚህ መልካም ነገር ሁሉ አንድ ቅጂው በቤት ውስጥ ሊኖር ይገባል።

ክቡራን አንባቢዎች፤ እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ መስመርና ስለ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ መስመሩ ሁሉ ቢሰፋ፥ መብራቱ ባይጠፋ፥ ለተማሪው ሁሉ ኮምፒዩተር ቢታደል እንኳ ሥራው አያልቅም። በሃርቫርድና በማሳቹሴትስ ተቋም አማካይነት በኢንተርኔት የተሰጡትን ትምህርቶች የመረመሩ ሊቃውንት፥ በ2019 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጡት ጽሑፍ የሚያስደንቅ ነገር አሳይተዋል። በ2017 እና በ2018 መካከል ከተመዘገቡት መቶ ሰዎች ትምህርቱን የፈጸሙት ሦስት ያህል ብቻ ናቸው። ለምስክር ወረቀቱ ገንዘብ ከከፈሉት መካከል ግን የፈጸሙት ወደ ግማሽ ይጠጋሉ። ደግሞም ከተማሪዎቹ የሚበዙት ከሀብታም አገሮች የመጡና ከዚያ በፊትም በቂ ትምህርት የነበራቸው ሆነው ተገኙ። በር መክፈት ብቻውን ሰውን አያስገባም ማለት ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት አስቸጋሪ አይደለም። አንደኛው መሠረት ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ እናስታውሳለን። ይህ የብዙ ዓመት ጉድለት ነው እንጂ የተማሪው ስንፍና ብቻ አይደለም። ሒሳቡና እንግሊዝኛው የጎደለውን ልጅ የታላቅ ሊቅ ትምህርት ቢያሰሙት፥ መሰላል ሳይሰጡ ቆጥ ላይ ውጣ እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ከእነዚህ ትምህርቶች በአማርኛ የሚገኘው በጣም ጥቂት ነው። ፊደላችን በዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ ውስጥ ከ1999 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ ስፍራ ስላለው፥ ዛሬ በአማርኛ ለመጻፍ መሣሪያው አያግደንም፤ የጎደለው ጸሐፊውና ተርጓሚው ነው። ሦስተኛውና ዋናው ጓደኛ ነው። አባ ጊዮርጊስ ትምህርት አልገባ ባላቸው ጊዜ ከማኅበሩ አልተለዩም፤ የቆሎ ተማሪም የተማረውን ከባልንጀሮቹ ጋር ይቀጽላል፤ ደረሳም ከደረሳ ጋር ይከልሳል። በክፍሉ ብቻውን ተቀምጦ ስልኩን የሚመለከት ልጅ ግን አልገባኝም ቢል የሚሰማው የለም።

የፕላዝማው ትምህርትም ይህንኑ አስተምሮናል። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ፈጥኖ ይናገር ነበር፤ ሊያስቆሙትም ሊጠይቁትም አይቻልም ነበር። በክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህር ደግሞ ብዙ ጊዜ ተመልካች ሆኖ ቀረ። መሣሪያው መምህሩን ሊያግዝ ሲገባው መምህሩ የመሣሪያው ረዳት ሆነ። ይህ ስሕተት በዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዳይደገም ያስፈልጋል። የሩቁ ሊቅ ትምህርቱን ይስጥ፤ የመካነ ሰላሙ መምህር ግን ተማሪዎቹን ሰብስቦ ያልገባቸውን ይግለጽ፤ ምሳሌውን ከዚያው ከደጋው ኑሮ፥ ከገብሱና ከበጉ፥ ከደንቆሮ ጫካና ከተዳፋቱ አፈር ያውጣ። ስለ አፈር መሸርሸር ከአሜሪካ የመጣ ቪዲዮ የሚያሳየው የአሜሪካን ሜዳ ነው፤ የቦረናና የለጋምቦ ገበሬ ግን የሚያርሰው ተራራ ነው። ይህን ልዩነት የሚያስተውል የአገር መምህር ነው። ክፍት ፈቃድም ለዚህ ይረዳል፤ መምህሩ የውጭውን ጽሑፍ ወስዶ ምሳሌውን ለውጦ ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ሊያካፍለው ይችላልና።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት የመውጫ ፈተና መፈተኑን ታውቃላችሁ። ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን በትልቁ ከተማ የተማረውና በመካነ ሰላም የተማረው የሚመልሱት ያንኑ ጥያቄ ነው። ፈተናው አንድ ከሆነ የመዘጋጃው መጽሐፍና መምህርም የተቀራረበ ሊሆን ይገባል። አለዚያ የምንመዝነው የልጁን ችሎታ ሳይሆን የደረሰበትን ግቢ ይሆናል። ክፍት ትምህርት ይህን ልዩነት ሊያጠብ ይችላል፤ ያለ ጥንቃቄ ከተያዘ ግን መስመር ያለውን ይበልጥ አስቀድሞ ልዩነቱን ያሰፋዋል።

እንግዲህ የእናንተ ድርሻ ምንድን ነው? ለራሳችሁ መማር የምትፈልጉ ሁሉ ከመመዝገባችሁ በፊት የምስክር ወረቀቱን ዓይነት መርምሩ። ተሳትፏል የሚል ወረቀት አለ፤ ተፈትኖ አልፏል የሚል አለ፤ ለዲግሪ የሚቈጠርም አለ። ሦስቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ዓይነት ይዞ የደረጃ ዕድገት መጠየቅ ኀፍረትን ያመጣል። ወረቀቱ በአገር ውስጥ እንዲታወቅላችሁ ከፈለጋችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን መጠየቅ ይሻላል። ስትማሩም ለብቻችሁ አትማሩ። በመሥሪያ ቤታችሁ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ፥ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኝታችሁ፥ የተማራችሁትን ተወያዩበት።

በጀት የምታዘጋጁ ደግሞ፥ ለአንድ ሩቅ ግቢ ኮምፒዩተር ስትገዙ ትምህርቱን የሚያኖረውን ሰርቨር፥ መብራት ሲጠፋ የሚደግፈውን ባትሪና የሚጠግነውን ባለሙያ ደመወዝ አብራችሁ ቍጠሩ። ጠጋኝ የሌለው መሣሪያ ከርሞ በመጋዘን አቧራ ሲለብስ ያላየ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ቋንቋ የምታውቁ ደግሞ፥ ከሙያችሁ አንዲቱን ምዕራፍ እንኳ ወደ አማርኛ መልሳችሁ በክፍት ፈቃድ ብታወጡ፥ ስማችሁን ለማያውቅ ለአንድ የደጋ ልጅ መምህር ሆናችሁ ማለት ነው።

የጥንቱ ተማሪ ከቦረና ተነሥቶ ሐይቅ ለመድረስ ብዙ ቀን ተጕዟል። የዛሬው ልጅ ያን ያህል እንዳይደክም መንገዱ ተጠርጓል። ነገር ግን መንገድ ቢጠረግም ተጓዡን የሚቀበል ቤት፥ እሳት የሚያነድ ሰው፥ አልገባኝም ሲል እንደ ገና የሚነግረው መምህር ያስፈልገዋል። ይህን ማዘጋጀት የማሽን ሥራ አይደለም፤ የእኛ ሥራ ነው።